ከስትሮክ በኋላ፦ ንግግርና መዋጥ እንዴት ይመለሳሉ?



የታመመን መዘየር ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ሐቅ ነው። በስትሮክ የተመታን ሰው ስንዘይር ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይኖርብናል። መናገር ያቃተው ሰው አእምሮውን ስቷል ማለት አይደለም። በፍቅር የሚሰጠው ጉርሻም ሊገድለው ይችላል።

ከመዋጥ እንጀምር። አየርና ምግብ እስከ ጉሮሮ ድረስ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ስንውጥ ማንቁርታችን ከፍ ይላል፣ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፣ የምግብ ቧንቧው ይከፈታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ሰከንድ አካባቢ ነው። በስትሮክ አንጎል ሲጎዳ ትእዛዙ ይዘገያል ወይም ጡንቻው ይደክማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይገጥማቸዋል። ያልተዋጠው ምግብ ወይም መጠጥ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያስከትላል።

ብዙዎቻችን ለታመመ ሰው ውሃ ከሁሉ የሚቀል ይመስለናል። ሆኖም ቀጭን ፈሳሽ ስለሚፈጥን የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ ሊደርስ ይችላል። ወፈር ያለው ግን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለጉሮሮ ጊዜ ይሰጠዋል። ባለሙያዎች ለአንዳንድ ታማሚዎች ፈሳሹ እንዲወፍር የሚያዙት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ደግሞ ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ እየገባ እንኳ ትን አይለውም፣ አያስለውም። ስለዚህ «አላሳለውም፣ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ሾርባም ሆነ ዘምዘም ይዘን ብንሄድ፣ ከመስጠታችን በፊት መዋጡ ተመርምሮ እንደሆነ እንጠይቅ። እስኪሻለው ድረስ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ሊመገብም ይችላል።

እንዲመገብ ከተፈቀደለት የሚከተሉትን እናስተውል፦

• በደንብ ነቅቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ። ተኝቶ አይጎረስ።
• በትንሽ ማንኪያ ይሰጠው። የመጀመሪያውን መዋጡ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው አይከተል።
• እየበላ አናናግረው። በጉንጩ ውስጥ የቀረ ምግብ ካለ ይታይ።
• ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ሳይተኛ ይቆይ።
• ጥርሱና ምላሱ በብሩሽ ወይም በሲዋክ ይጽዳ። የአፍ ጀርም ወደ ሳንባ ሲወርድ የሳንባ ምች ያባብሳል።

ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ የቋጠረ ከመሰለ፣ ቢያስለው ወይም ቢያተኩሰው ምግቡን አቁሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ወደ ንግግር እንለፍ። እዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንደኛው የምላስና የከንፈር ጡንቻ መድከም ነው። ቋንቋው አለ፣ ንግግሩ ግን ይኮላተፋል። እጁ ካልተጎዳ ጽፎ ሊግባባ ይችላል። ሁለተኛው አፌዥያ ይባላል። የተጎዳው ራሱ የቋንቋው ክፍል ስለሆነ ማንበብና መጻፍም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር የማይችል፣ የሚነገረውን ግን በአብዛኛው የሚረዳ ሰው መረመረ። ሰውየው ሲሞት የአንጎሉ የግራ የፊት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ።

ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ሌላ ነገርም አለ። አፌዥያ ያለበት አባት ፋቲሓን እስከ መጨረሻው ቀርቶ፣ «ውሃ» የሚለው ቃል ሊጠፋው ይችላል። «መቅራት ከቻለ ለምን አይመልስልንም?» ብለን ግን አንቀየመው። በቃል የተያዘ ነገር፣ እንደ ቁጥር መቁጠር ሁሉ፣ ራሱ ተከታትሎ ይወጣል። አዲስ ሐሳብ ለመናገር ግን እያንዳንዱን ቃል ፈልጎ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ይህን የተረፈ ችሎታ ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ቦስተን በተጀመረ አንድ ዘዴ፣ ታማሚው አጭር ዓረፍተ ነገርን በዜማ እየሳበ፣ በግራ እጁም መታ መታ እያደረገ ይለማመዳል። በመድረሳ ሐርፍ ስንማር በዜማ እንደምንለው ማለት ነው። ዜማው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ወደ ተራ ንግግር ይመለሳል። ሌላው ሥዕል እያዩ ስም መጥራት፣ በምልክትና በሥዕል መግባባት ነው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላም ልምምድ ለቀጠለ ሰው መሻሻሉ አይቆምም።

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቤተሰብና የዘያሪ ድርሻ ይበዛል። ቲቪውን እናጥፋ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን በአጭሩ እንናገር፤ «ሻይ ነው ወይስ ውሃ?» ብለን እያሳየን እንጠይቅ። ከዚያ እንጠብቅ። ቃሉን ከአፉ አንንጠቅ፤ እሱ እየሰማ ስለ እሱ እንደሌለ ሰው አናውራ። እንደ ሕፃንም አናናግረው፤ አባታችን አሁንም አባታችን ናቸው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብር ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።