ጀርም የሌለበት የመገጣጠሚያ ብግነት

ሪዩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ጉልበት ጀርም ሳይገባበት ያብጣል፣ ይሞቃል። ብግነቱን ከሚያራዝሙት አንዱ ራሱ ተያያዥ ሕብረ ሕዋሱ ነው ባይ ነኝ። ቴናሲን-ሲ የተባለው የዚህ ሕብረ ሕዋስ ፕሮቲን በጤነኛ መገጣጠሚያ እምብዛም አይገኝም፤ ጉዳት ሲደርስ ግን በብዛት ይመረታል። ማክሮፌጆች የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የባክቴሪያን ቅሪት የሚለዩበትን ቲኤልአር4 የተባለ ተቀባይ ይቀሰቅሳል፤ ሕዋሳቱም ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 የተባሉ ብግነት አባባሽ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ።

«ለሙከራ የተወሰደው የቴናሲን-ሲ ናሙና በባክቴሪያ መርዝ ተበክሎ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በዚህ መስክ ስንቱን አሳስቷል! ሆኖም በ2009 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው ጥናት ቴናሲን-ሲ የሌላቸውን አይጦችም ተመልክቷል፦ ብግነቱ እንደ ሌሎቹ ይጀምራል፣ ግን ቶሎ ይበርዳል። ብክለት ይህን አያብራራም። ታዲያ ፕሮቲኑን ጨርሶ ማጥፋት አይሻልም? ቁስል ሲጠገንም ስለሚሠራ፣ ተቀባዩን የሚቀሰቅሰውን ክፍሉን ብቻ መዝጋት ይሻላል እላለሁ።