አዶላ፦ ወርቅ የቆረቆራት ከተማ

ተማሪዎች ሆይ፣ አንዲት ከተማ ስለምን ሁለት ስም ይኖራታል? በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጉጂ ምድር የምትገኘው አዶላ ክብረ መንግሥት ተብላም ትጠራለች። የፊተኛው የአገሬው ስም ነው፤ የኋለኛው ግን መንግሥት ስፍራውን በምን ዓይን ይመለከተው እንደ ነበር ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአዋታና በሞርሞራ ወንዞች አካባቢ የደለል ወርቅ ተገኘ። የደለል ወርቅ የሚባለው ከዓለት ተፈረካክሶ፣ በጎርፍ ተጠርጎ በወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ የተቀበረው ነው። ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን 3 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አጣቢው አሸዋውን በገበቴ አድርጎ ከውሃ ጋር ሲያሽከረክረው ቀላሉ ይፈስሳል፤ ከባዱ ከሥር ይቀራል።

ይህ ሥራ ጉልበትን እንጂ መኪናን አይጠይቅም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ከሩቅ መጥተው ሰፈሩ፤ ቆፋሪውን ነጋዴው ተከተለው፤ መንደሩም ከተማ ሆነ።

ዳሩ ግን የወንዝ ዳር ወርቅ እየተመናመነ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በሻኪሶ አጠገብ፣ በለገ ደምቢ፣ የዓለት ወርቅ በመኪናና በኬሚካል ይወጣ ጀመር። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ሚድሮክ ኩባንያ ተዛወረ። በ2018 ነዋሪዎች «ኬሚካሉ ሰውንና ከብትን ጎዳ» ብለው በመቃወማቸው ፈቃዱ ታገደ፤ ሥራው የቀጠለው ከዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወርቅ አንድ ጊዜ ከወጣ ዳግመኛ አይበቅልም፤ ወንዙ ግን ለሚመጣው ትውልድም ይፈስሳል። ስለዚህ የማዕድንን ጥቅም ስትመዝኑ ከወጣው ወርቅ ጋር የቀረውን ውሃ አብራችሁ መዝኑ።