ከአስፋልቱ ጀርባ

«ደክሞኛል» ያለ ሰው እኛ አገር ምክር ይወርድበታል። «ወንጪ ሂጂ፣ አየሩ ብቻ ይፈውሳል!» ወንጪ እውነትም መልካም ስፍራ ነው። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ ላይ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ ደግሞ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ለእኛ ለጊንጪ ሰዎች ደግሞ ደንዲ አለልን፤ እዚያም ተራራው አናት ላይ ሁለት የተያያዙ ሐይቆች ተኝተዋል። ግን ከሥራ መልስ በየቀኑ ደንዲ የሚወጣ ማን ነው? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ወረፋ አለ፣ በዓል ሲደርስ የቀሚስ ወረፋ አለ፣ በመሀል ደግሞ «ዚፑ ተበጠሰ፣ አሁኑኑ ሥሪልኝ» የሚል አይጠፋም። ለሚቀጥለው ወር የተቀጠረ እረፍት ለእኔ ቢጤ ደርሶ አያውቅም። በየቀኑ የሚደረስበት ቦታ ነው የሚያስፈልገኝ።

ጊንጪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት። የሱቄ በር ወደ አስፋልቱ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ «አምቦ! አምቦ! ሁለት ሰው የቀረው!» የሚል ረዳት፣ ከማዶ የሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ፣ በዚህ ሁሉ ላይ የራሴ ስፌት መኪና። ደንበኛ ደግሞ ልኬቱን ሰጥቶ ብቻ አይሄድም። ቆሞ የቤቱን ጉዳይ ይነግረኛል። ማዳመጥ የሙያው አካል ነው፤ ሒሳብ አይጠየቅበትም እንጂ።

የምኖረው ከሱቁ ኋላ፣ ብዙ ተከራይ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ነው። ከግቢው ጥግ፣ በአጥሩና በአንድ አሮጌ ወይራ መካከል፣ ሁለት ዱካ ብቻ የምትይዝ መሬት ነበረች። የተቀደደ ጀሪካንና የዛገ ቆርቆሮ ተከምሮባት ነበር። እትዬን፣ አከራያችንን፣ አስፈቅጄ አጸዳኋት። የእኛን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮቲቻ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ከእግር ያወልቃል፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጥቼ ደረደርኩ፣ ክፍተቱን በገረጋንቲ ሞላሁ። በአሮጌ ቆርቆሮ ጤና አዳምና በሶብላ ተከልኩ። ከደንበኛ ሥራ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ነበረኝ። ዳሩን አጥፌ ሰፋሁና በሁለት አጣና መካከል እንደ መጋረጃ ወጠርኩት።

ከሁሉ የጠቀመችኝ መጋረጃዋ ናት። እኛ ዘንድ የታየ ሰው ሰላምታ አለበት። ከቧንቧው የሚመለስ ሁሉ በኦሮምኛ «አካም ኦልቴ?»፣ እንዴት ዋልሽ፣ ይላል፣ የቤቱን ደኅንነት፣ የከብቱን ደኅንነት እናወርዳለን። ቆንጆ ባህል ነው፤ አንዱም ሰላምታ እንዲቀር አልፈልግም። ከታየሁ ግን ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው።

ዱካዬን ያስቀመጥኩት ፊቴን ወደ ወይራው አዙሬ ነው፤ ወደ ቆርቆሮው አጥር አይደለም። ለዚህም ምክንያት አለኝ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፔንስልቬንያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አገላብጦ ውጤቱን በ1984 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ገሚሶቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር፣ ገሚሶቹ የጡብ ግንብ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም አነስተኛ ነበር። አንድ ዛፍ አጠገቤ እያለ ቆርቆሮ የማይበት ምክንያት የለም።

ሌላው ሕጌ ስልክ፣ የብድር ደብተርና ያላለቀ ስፌት እዚያች ጥግ አይገቡም የሚል ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. እንቅልፍ ለሚያጡ ሰዎች ያቀረበው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። አልጋው ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስቶ ሌላ ክፍል መሄድ ነው፣ ሲመጣ መመለስ። አልጋ ላይ ሒሳብ ሲያስብ የሚያድር ሰው አልጋውን ባየ ቁጥር ሒሳቡ ይመጣበታል። ጥግም እንደዚሁ ናት፤ የምናደርግባትን ትለምዳለች። እኔ እዚያ ተቀምጬ ምንም አልሠራም። ትንፋሼን ብቻ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ፤ ትንፋሽ ሲገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያልና ማስወጣቱን አስረዝመዋለሁ።

ድንጋይ መደርደሩ ቀላሉ ሥራ ነበር። የከበደው ጎረቤትን ማሳመን ነው። ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ሰው ታሳስባለች። «ምን ሆነሽ ነው? ማን አስቀየመሽ?» እያሉ መጡ። አንዷ እንደውም ጀበናዋን ይዛ አጠገቤ ልታፈላ ተነሳች። ቡና ራሱ እረፍት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው፤ ግን አቦሉ ላይ የዕቁብ ነገር ይነሳል፣ ቶናው ላይ የሰው ነገር፣ በረካው ላይ የኑሮ ውድነት። እወደዋለሁ፣ አልቀርበትምም፤ ዝምታ ግን አይደለም። ደግነቱ ሕዝባችን ጸሎት ላይ ያለን ሰው አይጠራም። ያንን ልማድ ተበደርኩ። ጋቢዬ አጣናው ላይ ከተሰቀለ ቡና እስኪደርስ አልጠራም አልኳቸው። አሁን የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ዘበኛዬ ሆናለች። ደንበኛ ሲመጣ ከበር ጀምራ «የለችም! ጋቢው ተሰቅሏል!» ትላለች፤ ድምፅዋ ከባጃጁ ይበልጣል።

ጥግ የሌለው ሰውስ? ለእሱ የጋራው ሜዳና ደን ነበሩ። ከከተማችን በስተ ሰሜን ጭሊሞ ደን አለ፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጉሬዛ ያለበት፣ በማዕከላዊው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሳው፣ በኋላ ኦሮሚያን ያዳረሰው ተቃውሞ መነሻው የተማሪዎች ኳስ ሜዳና ይኸው ደን ለባለሀብት ተሰጡ የሚል ቅሬታ ነበር። ብዙ ሰው ነገሩን በፖለቲካነቱ ብቻ ያስታውሰዋል። እኔ ግን የሚታወሰኝ ሜዳው ነው። ግቢ ለሌለው ወጣት ማረፊያው እሱ ነበራ።

ስለዚህ ጓሮውን ሁሉ ክፍል እየሠራችሁ ለምታከራዩ ወገኖች አንድ ልመና አለኝ። አንዲት ዛፍና በሥሯ ዱካ የሚያስቀምጥ መሬት ተዉልን። ኪራዩ ላይ ትንሽ ብትጨምሩ እንኳ አንከራከራችሁም።