ዕቃው ጥቂት ጠብታ፣ ዋጋው በዶላር

በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ አጠና የሚገዛ ሰው እንጨቱን አንስቶ ያየዋል፣ ጠማማውን ለይቶ ይመልሳል። ከዚሁ ማዞሪያ ተነስቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ዘነበወርቅ ሲወርዱ ግን ገዢው ዓይኑን ማመን የማይችልበት ገበያ አለ። በአለርት አጠገብ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ከተቋቋመ ወዲህ በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ሲመራመር ኖሯል። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራባቸው ዕቃዎች በማዳበሪያ የሚጫኑ አይደሉም፤ በብልቃጥ ነው የሚመጡት። ከመካከላቸው አንዱ አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው። ለምርምር የሚሸጠው ግን ለሕመምተኛ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ከሺህ ፕሮቲኖች መካከል አንዱን ለይቶ የሚይዝ መንጠቆ ነው ቢባል ይቀላል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ተፈላጊ ከሆኑት አንዱ ደግሞ የላክቴትን አሻራ የሚያድነው ነው።

ላክቴት እንግዳ ነገር አይደለም። እርጎ የሚኮመጥጠው በላክቲክ አሲድ ነው፤ ሯጭ ሲፈጥንም ጡንቻው ያመርተዋል። ለረጅም ዘመን እንደ ተረፈ ምርት ሲታይ ኖሮ፣ በዚያው በ2019 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዪንግሚንግ ዣኦ ቡድን ያልታሰበ ነገር በኔቸር መጽሔት አወጣ። ላክቴት ዘረመል በሚጠመጠምባቸው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ በ28 ቦታ እንደሚለጠፍና የጂኖችን ሥራ እንደሚነካ አሳየ። ነገሩ ላክቲሌሽን ተባለ። ከተፈተኑት ሕዋሳት ዋነኞቹ ባክቴሪያ የሚውጡት ማክሮፌጆች ነበሩ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚደበቀውም በእነዚሁ ውስጥ መሆኑን ያጤነ፣ ጉዳዩ ለዘነበወርቁ ሰፈር ሩቅ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ላክቴት የተለጠፈበትን ማናቸውንም ላይሲን ይይዛል፤ ሁለተኛው አንድ ቦታ ብቻ። በብዛት ከሚጠየቁት መካከል በሂስቶን 3 ላይ 18ኛውን ላይሲን የሚይዘው ይገኝበታል። የኮልፌ ሰው ቁጥሩን አይረሳውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በክብደት ፍጹም እኩል የሆኑ፣ በቅርጽ ብቻ የሚለያዩ ሦስት ልጣፎች አሉ። ሁለቱ ግራና ቀኝ እጅ እንደሚመሳሰሉ የሚመሳሰሉ የላክቴት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ሦስተኛው በሌላ መንገድ የሚፈጠር ካርቦክሲኢቲል የተባለው ነው። መንጠቆው ከሦስቱ የትኛውን እንደያዘ ካልተረጋገጠ ተመራማሪው የሌላውን ዓሣ ይዞ የራሴ ነው ሊል ይችላል።

ይህ የላክቴት ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች በኔቸር ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በደንብ ባልተፈተሹ አንቲቦዲዎች ምክንያት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚባክን ገምተዋል። ለሀብታም አገር ይህ ኪሳራ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለሚያውቅ ግን ከኪሳራም ይብሳል።

ሒሳቡን እንየው። የተለመደው ብልቃጥ 100 ማይክሮሊትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሊትር አንድ አሥረኛ ነው። አንድ እጅ በሺህ እጅ ሲበረዝ 100 ሚሊሊትር ይወጣዋል፤ ለአንድ ሙከራ 10 ሚሊሊትር ቢፈስ አሥር ሙከራ ነው። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። ለምሳሌ 400 ዶላር ቢሆን፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት በ57 ብር ሒሳብ 22,800 ብር ነበር። ነሐሴ ላይ ዶላሩ 100 ብርን ሲሻገር ያው ብልቃጥ ከ40,000 ብር በላይ ሆነ። የማጓጓዣው በረዶ ለብቻው ነው። መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ዕቃ ደግሞ መልኩ አይለወጥም፤ ጉልበቱ ግን ሊሟሽሽ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ፈሳሹ ሳይሆን ማስረጃው ነው። አስመጪው ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አምራቹ ላክቴት ያለበትንና የሌለበትን ናሙና፣ እነዚያን ተመሳሳይ ልጣፎችም ጭምር፣ ጎን ለጎን ፈትኖ እንደሆነ ነው። የሎት ቁጥሩም ቀላል ነገር አይደለም። ከጥንቸል ደም በቀጥታ የሚወጣው ዓይነት እንስሳዋ ስትሞት ያልቃል፤ ቀጣዩ ሎት ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ሊለይ ይችላል። የዘር መመሪያው ታውቆ በሕዋስ የሚመረተው ሪኮምቢናንት ከሎት ሎት ብዙም አይለዋወጥም። ጥናቱ ሁለት ሦስት ዓመት የሚፈጅ ደንበኛ ያለው አስመጪ ይህኛውን ቢያቀርብ፣ አለዚያም ከአንዱ ሎት የሚበቃውን ያህል አንዴ ቢያዝ ይሻለዋል።