«አጃ ስኳር የለውም» ያለው ማነው?

«አጃ ስኳር አይጨምርም» ሲባል ለቅሶ ቤት ሰምቻለሁ፤ ማኅበር ላይ ሰምቻለሁ፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይም ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «አጃ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ሆኗል፤ ከቪዲዮው ግርጌ የሻጩ ስልክ ቁጥር አለ። ስለ አጃ የሚወሩትን ሌሎች ነገሮች ስቆ ማለፍ ይቻላል። ይህኛው ግን ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ሰፋ አድርጌ ልያዘው።

በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ስኳር ካለባቸው ቆይተዋል። ኪኒናቸውን ሳያዛንፉ የሚውጡ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። አንድ ዘመድ እንደ ፉርኖ የላመ የአጃ ዱቄት በፌስታል አምጥቶ፣ «ይህን ጠዋት ማታ ይጠጡ፤ ኪኒኑ ኩላሊት ነው የሚጎዳው» አላቸው። ጠጡ። በትልቁ ኩባያ፣ ወፈር ተደርጎ፣ «ማር ደግሞ ስኳር አይደለም» ተብሎ ማር እየተጨመረበት። ኪኒኑን መጀመሪያ ቀነሱ፣ ኋላም ተዉት። የውሃ ጥሙ ሲብስባቸው፣ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሳቸው፣ ዓይናቸው ብዥ ሲል ምክንያቱ እርጅና ነበር የመሰላቸው። ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ብትለካ መሣሪያው ከ400 በላይ አነበበ። «እማማ፣ ምን በልተው ነው?» አለቻቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ስኳር የሚባል ነገር አልነካም! አጃ ነው የምጠጣው» አሉ፣ እየማሉ።

እሳቸው አልዋሹም፤ የተነገራቸውን ነው ያመኑት። አጃ እንደ ስንዴና እንደ ገብስ ሁሉ እህል ነው። 100 ግራም ደረቅ አጃ ውስጥ 66 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ከዚያ ላይ 10 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፣ ስታርች ደግሞ አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ግሉኮስ ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ምላስ ላይ ስለማይጣፍጥ «ስኳር የለውም» እንላለን እንጂ ቆሽታችንና ጉበታችን በጣዕም አይሸወዱም። ወፈር ያለ አንድ ኩባያ አጥሚት ሦስት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ከፈጀ፣ 20 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለበት ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ሲታከልበት ሌላ 17 ግራም ስኳር ይደረብበታል። ማር ስኳር ነው፤ ንብ ስለሠራችው ደም ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር አይሆንም። ኪኒኑን በተመለከተ ደግሞ፣ ኩላሊት የሚያደክመው በዋናነት ለዓመታት ሳይቆጣጠሩት የቆየ ስኳር ነው። ሐኪሞች የኩላሊት ምርመራ የሚያዙትም የመድኃኒቱን መጠን ከኩላሊቱ አቅም ጋር ለማስማማት ጭምር ነው።

ወሬው ግን ከሜዳ አልተነሳም። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ ውሃ ሲያገኝ የሚዝለገለግ ፋይበር አለ። ይህ ዝልግልግ ነገር የበላነውን አወፍሮ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚወርድበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ግሉኮሱም ቀስ እያለ ይገባል። ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 «በቀን 3 ግራም የአጃ ቤታ ግሉካን የልብ ሕመምን ሥጋት ሊቀንስ ይችላል» ተብሎ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ካርል ፎን ኖርደን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የስኳር ሕሙማንን ለጥቂት ቀናት በአጃ ገንፎ ለማከም ይሞክር ነበር። በጊዜው ዝነኛ ሕክምና ነበር። ነገር ግን ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማምረት ያቆመ ሕፃናትን ከሞት ያዳናቸው አጃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው ኢንሱሊን ነው።

ሻጮቹ የማይናገሩት ሌላም ሒሳብ አለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ቤታ ግሉካን ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ እንደሚቀንስ ሲቀበል መጠን አስቀምጧል፦ ለእያንዳንዱ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ግራም ቤታ ግሉካን። ተራው አጃ በ30 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚያመጣው ቤታ ግሉካን የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ከነጭ ዳቦና ከስኳር ሻይ የተሻለ ቁርስ ነው፤ ያለ ልክ የሚጠጣ መድኃኒት ግን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ፣ «አጃ» ተብሎ በጅምላ ሲወራ አፈጫጨቱን ማንም አለማንሳቱ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኒውትሪሽን የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ የአጃ ዓይነቶችን በግላይሴሚክ ኢንዴክስ ደርድሯቸዋል። ይህ መለኪያ ንጹሕ ግሉኮስን 100 ብሎ ሌላውን ከእሱ ጋር የሚያነጻጽር ነው። ተቆርጦ ብቻ የቀረው፣ ማለትም የእኛ ቅንጬ ዓይነቱ፣ 55 አካባቢ ነው። በእንፋሎት በስሎ በማሽን የተዳመጠው ትልልቁ ጠፍጣፋ አጃ 53 ነው። ቶሎ የሚበስለው ስሱ ጠፍጣፋ ግን 71 ይደርሳል፤ የፈላ ውሃ ብቻ የሚፈስበት ኢንስታንት 75። ነጭ ዳቦም እዚያው 75 አካባቢ ነው! አንዱ እህል፣ ስለሳሳና ስለላመ ብቻ፣ ከቅንጬ ወደ ዳቦ ይሸጋገራል። ፍሬው ሳይፈርስ ሲቀር የአንጀት ኢንዛይም ስታርቹ ጋ ለመድረስ ይቸገራል፤ ዱቄት ሲሆን ሥራው አስቀድሞ ወፍጮ ቤት ተጠናቆለታል።

ታምሶ የተፈጨው የእኛ የአጥሚት ዱቄት እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ግን ከኢንስታንቱ ወገን እንጂ ከቅንጬው ወገን ይሆናል ብሎ ለመገመት ብዙ ድፍረት አይጠይቅም። በዚያ ላይ አጥሚት ሳይታኘክ የሚጠጣ ነው፤ ሁለተኛው ኩባያ የመጀመሪያው ሳይታወቅ ይከተላል። የአጥሚት እህልም ብዙ ጊዜ ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከሩዝ ጋር ተደባልቆ ነው የሚፈጨው፤ «የአጃ» የሚለው ስም ብቻውን ምን ያህል አጃ እንዳለበት አይነግራችሁም።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው አጃ ቢወድ ቅንጬውን ይብላ። ደረቁን በቡና ሲኒ ሳይሞላ ስፈሩት፤ 40 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ለአንድ ሰው ይበቃል። ምጣድ ላይ ሽታው እስኪመጣ ድረስ ብቻ አመስ አድርጉት። የሰፈራችሁበትን ሲኒ አራት እጥፍ ውሃ ጨው ጣል አድርጋችሁ አፍሉና ጨምሩት፤ እሳቱን ቀንሳችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ማታ ዘፍዝፋችሁ ካሳደራችሁት በግማሽ ሰዓት መጉላላት የለም። ፍሬው ጥርስ ላይ ቆርጠም እያለ ካልተሰማችሁ አብዝታችሁታል። ከጎኑ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ እፍኝ ለውዝ ይኑር። በጾም ዘይት፣ በፍስክ ትንሽ ንጥር ቅቤ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ስቲል ከት» የሚለውን ስታዩ ቅንጬ ነው ብላችሁ ግዙ። ዋጋው ከከበዳችሁ ትልልቁ ጠፍጣፋ፣ «ሮልድ» ወይም «ኦልድ ፋሽንድ» የሚባለው፣ ቁጥሩ እንደሚያሳየው ምንም አያንስም። እሱን በሁለት እጥፍ ውሃ አምስት፣ ስድስት ደቂቃ መቀቀል ይበቃል። ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን የረመዳን ሾርባ ሲሠሩ የሚበትኑት አጃ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እዚያ ግን ሾርባው ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ ስለሚፈላ ፍሬው አይተርፍም። በየፓኬቱ ጣፍጦ የታሸገውን ኢንስታንት ተዉት ባልልም ጀርባውን አንብቡ፤ ብዙዎቹ በአንድ ፓኬት 10 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር አለባቸው።

መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ እኔንም ቲክቶኩንም ማመን የለበትም። ከመብላቱ በፊት ይለካ፤ መብላት ከጀመረ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይለካ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለብዙ አዋቂዎች የሚመክረው ከ180 በታች ነው። አንዱን በቅንጬ፣ ሌላውን ቀን በአጥሚት ቢሞክረው የራሱ ሰውነት መልሱን ይሰጠዋል፤ ሰው ከሰው ይለያልና። ኪኒን ወይም ኢንሱሊን ግን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይቀነስም፣ አይቆምም። ተቃራኒውም አደጋ ነው፤ ስኳሩ ወርዶ የሚያልበውና የሚንቀጠቀጥ ሰው ቶሎ የሚገባ ነገር፣ ለስላሳ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር፣ ስጡት እንጂ ቀስ ብሎ የሚፈጨውን ቅንጬ አትስጡት።

የቀሩትን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

አጃ ስብራት ይጠግናል? አጥንት የሚገጥም እህል የለም። ለአጥንት ነው ካላችሁ፣ 100 ግራም አጃ 54 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ሲኖረው ጤፍ 180 አለው፤ ገበታችሁ ላይ ያለው እንጀራ ይበልጠዋል። የተሰበረ ሰው ምግብ ይፈልጋል፣ ትኩስ አጃም ደስ ይላል፤ ራጅ ከተነሳ በኋላ።

ያከሳል ወይስ ያወፍራል? ሰርጓ የደረሰች ልጅ ለመክሳት ትጠጣዋለች፤ አራስ እህቷ እዚያው ቤት ውስጥ እንድትጠነክርና ጡቷ እንዲያጋት ትጠጣዋለች። 40 ግራሙ በውሃ ብቻ ሲሠራ 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከ110 ያልፋል። ጥያቄው የሚመለሰው በቅቤው ዕቃ ነው። ወተት የሚያመጣው ደግሞ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው፤ አጥሚቱ እናቲቱን ማጥገቡና ፈሳሽ መስጠቱ አይጠላም።

ዝልግልጉ መደፋት አለበት? አጃውን ቀቅለው ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን የሚገፍፉና የሚያጥቡ ሰዎች አይቻለሁ። የሚደፉት ቤታ ግሉካኑን ነው! ካስጠላችሁ ሲበስል በብዛት አታማስሉት።

ወተት ወይም እርጎ ውስጥ አድሮ ሳይበስል የሚበላው «ጥሬ» ነው? ጠፍጣፋው አጃ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት ስለሚያልፍ በስሏል፤ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ቢበላ ችግር የለውም። ከገበያ የመጣው ጥሬ ፍሬ ግን ሌላ ነው። አጃ ከስንዴ በላይ ቅባት አለው፣ ቅባቱን የሚያበላሽ ኢንዛይምም አብሮት አለ፤ ሳይታመስ ከተፈጨ ብዙ ሳይቆይ ይመራል። እናቶቻችን መጀመሪያ የሚያምሱት ለሽታው ብቻ አይደለም፤ እሳቱ ያንን ኢንዛይም ይገድለዋል። ቢሆንም ለዓመት አታስፈጩ፤ ለወር የሚበቃው ይሻላል።

በመጨረሻ፣ «አጃ ግሉተን የለውም» የሚባለው። በራሱ የስንዴ ግሉተን የለውም፤ ከሴሊያክ ሕሙማን አብዛኞቹም ንጹሑን ይችሉታል። ችግሩ ንጹሑን ማግኘት ነው። ማሳ ላይ ከገብስና ከስንዴ ጋር ይበቅላል፣ አንድ ጆንያ ይጋራል፣ አንድ ወፍጮ ውስጥ ይገባል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ተለይቶ የተመረተውንና እንደዚያ ተብሎ የተጻፈበትን ካላገኘ የወፍጮ ቤቱን አጃ ይተው። ጤፍም ቢሆን ስንዴ ከተፈጨበት ወፍጮ ከወጣ ያው ነው።