የሥጋ መጥበሻ ጠላቱ ጥማት ሳይሆን የሚተኛ ውኃ ነው

ጥብስ በሚሠራበት ቤት ሁሉ መዓዛው የሚታወቀው ሥጋ መጥበሻ፣ በሌላ ስሙ ሮዝመሪ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍና ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ አጭር ቁጥቋጦ ነው። ጥቂት እግር ለቤት ፍጆታ ይበቃል፤ ትርፉ ለገበያ ይቀርባል፤ አበባውንም ንቦች ይቀስሙታል። የእርሻ ይዞታቸው ግማሽ ሄክታር ለማይሞላ በርካታ የወላይታ ቤተሰቦች ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም ክረምቱን ሳይሻገሩ የሚደርቁ ችግኞች ጥቂት አይደሉም። ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው ተክሉ የተጠማ መስሎት ጨምሮ ያጠጣዋል፤ በዚህም ጥፋቱን ያፋጥናል።

ምክንያቱ በተክሉ ተፈጥሮ ውስጥ ይገኛል። ሥጋ መጥበሻ መነሻው የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ በዚያ የሚበቅለው ውኃ በማይዝ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው። እንደ መርፌ የቀጠነው ቅጠሉ እርጥበትን ይቆጥባል፤ ሥሩ ግን አየር ይሻል። አፈሩ ለቀናት በውኃ ሲጠግብ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል፣ ተክሉ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የተጠማ ይመስላል።

በወላይታ ዝናብ በበልግም በክረምትም ስለሚጥል የቦታ መረጣ ወሳኝ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት ቀላል መፈተኛ ነው፤ ውኃው እስከ ማግስቱ ካልሰረገ ቦታው አይመችም። እንደ ዳሞት ተራራ ግርጌ ያለ ተዳፋት ሥፍራ ውኃን በቀላሉ ያሳልፋል። በሜዳማ ጓሮ ግን መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግና ዙሪያውን ቦይ ማውጣት ይገባል። እንሰት የሚያጠላበትና የጣሪያ ፍሳሽ የሚያርፍበት ቦታም አይመረጥም፤ ተክሉ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል።

ዘሩ ዘግይቶና ተመናምኖ ስለሚበቅል ተመራጩ መንገድ ቁርጥራጭ መትከል ነው። ከጤነኛ ተክል ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለጋ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ይነሣል፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተተክሎም በጥላ ሥር ይቆያል። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅበታል። የእናት ተክሉን ጤንነት ማረጋገጥ ግድ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው የአጠውልግ በሽታ በተበከለ ዘር መዛመቱን የአካባቢው አምራቾች አይዘነጉትም። በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ የሥጋ መጥበሻ ዝርያዎችን አውጥቷል።

ሥር የያዘው ችግኝ በበልግ መግቢያ፣ በመካከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቆ ቢተከል የክረምቱ ዶፍ ከመምጣቱ በፊት ይጠነክራል። ከጸደቀ በኋላ የሚጠጣው የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ ነው።

አጨዳው የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቅጠል የሌለው ያረጀ እንጨት ከተቆረጠ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ ለጋውን ክፍል ብቻ መቁረጥና በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ማስቀረት ያስፈልጋል። የታጨደው ቅጠል መዓዛውና ቀለሙ እንዳይጠፋ የሚደርቀው በጥላ ነው። ሥጋ በብዛት ለሚበላባቸው ለጊፋታና ለመስቀል ገበያ ማድረስ የሚሻ አምራች ግን አጨዳውን ከወዲሁ ያቅድ፤ በክረምት ማብቂያ እርጥበት ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅምና።