በር አንኳኩታ የምትገባው ነርስ

ለንደን ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ያውቃታል። የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ሊፍቱ በተበላሸ ሕንፃ ደረጃውን ወጥታ በር ታንኳኳለች። የእግር ቁስል አጥባ ታሽጋለች፤ የስኳር መርፌ ትወጋለች። ቡና ጠጪ ስትባል «ሌላ ቤት ይጠብቁኛል» ብላ ትወጣለች። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ እናቶቻችን «ስንት ልክፈላት?» ብለው መጨነቃቸው አይቀርም። ዲስትሪክት ነርስ ናት፤ ሂሳብ አትጠይቅም።

ታዲያ ውድ አንባቢያን፣ ይህ ነገር ከመነሻው የመንግሥት ችሮታ እንዳይመስላችሁ። የበጎ አድራጊዎችና የመንደር መዋጮ የወለደው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ1859፣ ዊልያም ራትቦን የተባለ የሊቨርፑል ነጋዴ ሚስቱ ሞተችበት። እቤት ሆና ያስታመመቻት ሜሪ ሮቢንሰን የተባለች ነርስ ነበረች። ገንዘብ ያለው ሰው ቤት እንኳ የነርስ እጅ ይህን ያህል ካስፈለገ የድሃው ቤት እንዴት ይሆናል ሲል አሰበና፣ የከተማውን ድሆች በየቤታቸው እንድታስታምም ለሦስት ወር ቀጠራት። በወሩ እያለቀሰች ተመለሰች፤ ያየችው መከራ ከአቅሜ በላይ ነው አለች። ራትቦን ግን አግባብቶ መለሳት። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሌላ ሥራ አልፈልግም ያለችው ራሷ ናት።

የገጠሩ ድሃ ከዚህም የባሰ ነበር። የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደሞዝ በብዙ ቦታ ከ15 ሽልንግ አያልፍም፤ ሐኪሙም ሩቅ ነው። የታመመ ወይ ጎረቤት ያስታምመዋል፣ ወይ ወርክሃውስ ወደሚባለው የድሆች ማጎሪያ ይገባል። ወላዷን የምትይዛት የልምድ አዋላጅ ናት።

ኤልዛቤት ማለሰን የተባለች ሴት ከለንደን ወደ ግሎስተርሻየር ገጠር ስትሄድ ያየችው ይህንኑ ነው። ለንደን ሳለች በ1864 ለሠራተኛ ሴቶች ኮሌጅ ያቋቋመች ብርቱ ሴት ናትና ዝም አላለችም። ጎዘሪንግተን ለምትባለው መንደር ገንዘብ አሰባስባ የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ አስቀጠረች። ሐሳቡ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተዛመተ። በ1887 የእንግሊዝ ሴቶች ለንግሥቲቱ 50ኛ የንግሥ በዓል ካዋጡት ገንዘብ 70,000 ፓውንድ ለቤት ለቤት ነርሶች ማቋቋሚያ ዋለ፤ የገጠሩም ማኅበር ቆይቶ ከዚሁ ተቋም ጋር ተጠቃለለ።

በብዙ መንደር ቤተሰቡ እንደ አቅሙ በሳምንት ሳንቲም፣ ወይም በዓመት ጥቂት ሽልንግ ይከፍላል፤ የጎደለውን ባለጸጋው ይሞላል። እድር ትዝ አላላችሁም? ልዩነቱ የእኛ እድር ድንኳን የሚተክለው ሰውዬው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

ሁሉም ማር አልነበረም። ገንዘብ የሰጠ ማዘዙ አይቀርምና ኮሚቴው በወይዛዝርት እጅ ነበር፤ ያለ ባል የወለደችን ነርሷ እንዳትረዳ የከለከሉም ነበሩ። በደንብ የሠለጠነችው ነርስ ደሞዟ ለመንደር ስለሚከብድ፣ ጥቂት ወራት ብቻ የተማሩ የገጠር ሴቶች ይሰማሩ ጀመር። ባለሙያዎቹ ተቆጡ። መንደርተኛው ግን የሚያወዳድረው ከነጭራሹ ሰው ከማጣት ጋር ነበር፤ እኔም የምፈርደው ለመንደርተኛው ነው። በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሲቋቋም መዋጮው ቀረ፤ በር ማንኳኳቱ ቀጠለ።

ከእኛም ሰዎች ይህን ሙያ እዚሁ ለንደን፣ በስደት፣ የተማሩ አሉ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደማንኛዋም ተማሪ ሠልጥነው በ1939 ተመረቁ፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሠሩ። አገር ነጻ ሲወጣ ተመለሱ። በነሐሴ 1942 ግን፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ለቀምት ላይ አረፉ። ሲልቪያ ፓንክረስትና ወዳጆቿ እዚህ እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታልም በ1951 ተከፈተ። የተከፈተው አዲስ አበባ ነው፤ ለቀምት ከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።